የቡጎሎቢዋ ልጅ ማመልከቻ

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ነው። ቡጎሎቢ ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ፖርት ቤል የሐይቅ ወደብ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ ኮረብታ ነው። ከላይ፣ በደቡብ አፍሪካው ታጋይ በአልበርት ሉቱሊ ስም በተጠራው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ አጥራቸው ረጅም፣ ዘበኛቸው ብዙ የሆኑ ግቢዎች አሉ። ከታች ገበያው አለ፤ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ነጂዎች ተራ አለ፤ የቤቶች ኮርፖሬሽን ድሮ ያሠራቸው ፎቆች አሉ። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንኖረው ካባላጋላና ካንሳንጋ በሚባሉት ሰፈሮች ነው፤ ሆኖም ከነዚህ ፎቆች በአንዱ፣ ሁለተኛው ደርብ ላይ፣ አባት፣ እናትና አንዲት ሴት ልጅ ይኖሩ ነበር። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቡናቸውን ግን ለዓመታት ጠጥቻለሁ፤ ነገሩንም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።

አባትየው አዲስ አበባ ላይ ጋዜጠኛ ነበር። የግል ፕሬስን የፈቀደው የ1985ቱ አዋጅ ሲወጣ ገና ጎረምሳ ነው። ከአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በአራሚነት ገባ፤ ሪፖርተር ሆነ፤ ኋላም የዜና ክፍሉን ያዘ። ያ አዋጅ የፈቀደውን ያህል የሚያሳስርም ነበር። “ሐሰተኛ ወሬ ማሠራጨት” የሚለው ክስ ስንቱን ከቤቱ ወስዶታል! እሱም በዚሁ ክስ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖረ። ከዚያ የ1997ቱ ምርጫ መጣ፤ በ1998 ጥቅምት መጨረሻ ውጤቱን በተቃወመው ሰልፍ ላይ የሆነው ሆነ፤ አዘጋጆች እየተለቀሙ ታሰሩ፤ ጋዜጦች አንድ ባንድ ተዘጉ። እሱ በሞያሌ ወጣ። ናይሮቢ ጥቂት ከረመና ካምፓላ ገባ። እናትና ልጅ በኋላ ተከተሉት። ልጅቱ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው።

ካምፓላ ሲገባ ስክሪብቶውን ሰቀለ። በአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ሒሳብ ያዥ ሆነ፤ እናትየዋ እንጀራ እየጋገረች ለካባላጋላ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከዚያ ወዲያ ለጋዜጣ አንዲት መስመር አልጻፈም። ማንበቡን ግን ማን ያስተወው! ገንዘብ ባለ ቀን ሁለቱንም ይገዛል፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ያቋቋመውን ኒው ቪዥንንና ጥቂት ጋዜጠኞች በ1992 የጀመሩትን ሞኒተርን። ያንኑ ዜና በሁለቱም ጎን ለጎን ይዘረጋና በእርሳስ ያሰምራል። አንደኛው የጻፈውን ሌላኛው ትቶት ሲያገኝ ከዳር የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። ልጅቱ እንግሊዝኛ ማንበብ የለመደችው ከነዚያ በእርሳስ ከተሰመሩ ገጾች ነው። ኋላ “ጋዜጠኝነት ነው የምማረው” ስትለው በቁጣ የተነሣው ሰው፣ ፍቅሩን ያስያዛት እሱ ራሱ ነበር።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። በኡጋንዳ ሰባት ዓመት አንደኛ ደረጃ ነው፤ አራት ዓመት ኦ-ሌቭል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ኤ-ሌቭል። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከአገር የመጣን ወላጆች የምንቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚጀምረው የሁለተኛ ደረጃው ስድስተኛ ዓመት አልቆ ውጤት ሲለጠፍ ይመስለናል። ኧረ ገና አምስተኛው ዓመት ሲገባ ነው! ልጁ ሦስት ዋና ትምህርቶች ይመርጣል፤ ኮምቢኔሽን ይሉታል፤ በፊደል ነው የሚጠሩት። ፒ-ሲ-ኤም ማለት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ነው። ኤች-ኢ-ኤል ማለት ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። በነዚህ ላይ ጀነራል ፔፐር የሚባለው የጽሑፍና የአጠቃላይ እውቀት ፈተና አለ፤ ከኮምፒውተር ወይም ከቀላል ሒሳብም አንዱ ይጨመራል። በዚያች የመጀመሪያ ሳምንት የተመረጡት ሦስት ፊደሎች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው የዩኒቨርሲቲ በር እንደሚከፈትለት ይወስናሉ።

አባት “ፒ-ሲ-ኤም” አለ፤ ጉዳዩም ያለቀ መሰለው። ልጅቱ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ይዛ ወደ ማእድ ቤት ገባች። እናትየዋ ሊጥ በነካው እጇ ፈረመችላት፤ ኤች-ኢ-ኤል። እስከ ተርሙ ማብቂያ ሰውየው አላወቀም። የውጤት ካርዱ ሲመጣ ፊዚክስ የሚለውን መስመር ፈለገ፤ የለም። የዚያን ቀን ማታ ተጠርቼ ሄድኩ፤ አስታራቂ ተብዬ ማለት ነው።

እንዲህ አላት፣ “ስሚኝ ልጄ። ጳውሎስ ኞኞን ታውቂዋለሽ፤ መጽሐፎቹ እዚያ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። አገር በሙሉ ጥያቄ እየላከለት በአዲስ ዘመን ላይ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ዲግሪህ የታለ ያለው የለም። መጻፍ ከወደድሽ ማንም አይከለክልሽም፤ መተዳደሪያሽን ግን ሌላ አድርጊው። ደግሞስ በዓሉ ግርማ? እሱ ተምሯል፤ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነት ተምሯል፤ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆኗል። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። እንግዲህ ያልተማረው ያለ ዲግሪ ሠራው፤ የተማረውን ዲግሪው አላዳነውም። አንቺ ለምንድን ነው ለዚህ ወረቀት ይህን ሁሉ ዓመት የምትከፍዪው?”

ልጅቱ ዝም አላለችም። “አባዬ፣ እዚህ አገር ሕጉ ዲግሪ ይጠይቃል” አለች። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኡጋንዳ የፕሬስና የጋዜጠኞች ሕግ፣ ሙሉ የጋዜጠኛ ምዝገባ የሚፈልግ ሰው በጋዜጠኝነት ወይም በማስ ኮሙኒኬሽን ዲግሪ እንዲኖረው፣ ወይም በሌላ ትምህርት ተመርቆ የሙያውን ሥልጠና እንዲጨምርበት ያዛል። ያለዚያ የሚሠራ ሞልቷል፤ ሕጉ ግን ተኝቶ የሚቆይና ባለሥልጣን ሲከፋው የሚነሣ ዓይነት ነው። ለስደተኛ ልጅ ደግሞ ወረቀት የሌለው ሥራ ማለት ጣሪያ የሌለው ቤት ማለት ነው። እኔም ይህንኑ ተናገርኩ። አባትየው ገላመጠኝና ቡናውን ጠጣ።

እዚህ ላይ ስለኛም አገር አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ ውስጥ ልጁ በአብዛኛው ለጋዜጠኝነት ትምህርት በቀጥታ አያመለክትም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል፤ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ እዚያ ከገባ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። “ጋዜጠኝነት ደረሰኝ” ይላል፤ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ አንደኛ ሞልቶ የነበረ ልጅ ነው ይህን የሚለው። እንዲህ ደርሷቸው ገብተው ጥሩ ጋዜጠኛ የሆኑ አሉ። ሆኖም ሙያው በምድብ የመጣለት ሰውና ተጣልቶ ያገኘው ሰው የመጀመሪያው ክስ ሲመጣ እኩል አይቆሙም፤ ይህን አምኜ ነው የምናገረው። ከአባትየው ጋር የሠሩት፣ ሁሉ ነገር ሲዘጋ ጽሑፍ ያልተዉት፣ ፈልገው የገቡት ነበሩ። ያኔ ደግሞ የሚመደቡበት ትምህርት ቤትም እንደልብ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሰዉ ሙያውን የሚማረው ከማተሚያ ቤት ወለልና ከአዘጋጁ ቀይ ስክሪብቶ ነበር።

የካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይቀድመናል። እ.ኤ.አ. በ1922 ጥቂት ልጆች አናጺነትና መካኒክነት የሚማሩባት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆና ነው የተጀመረችው፤ ኋላ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ኮሌጅ፣ ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል፣ በ1970 ደግሞ ራሷን የቻለች ዩኒቨርሲቲ ሆነች። የማስ ኮሙኒኬሽን ዲግሪ የተጀመረው በ1988 ነው። ዘመኑን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ካምፓላ ላይ መጻፍ ነፍስ ያስከፍል ነበር። ትራንዚሽን የተባለችውን ዝነኛ መጽሔት በ1961 እዚሁ የጀመረው ራጃት ኒዮጊ በ1968 በኦቦቴ መንግሥት ታስሯል። በኢዲ አሚን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ፍራንክ ካሊሙዞ በ1972 ተወስዶ ቀርቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ካምፓላን ያናወጠው ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲው ወጣቶችን ሰብስቦ ዜና አጻጻፍ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በኡጋንዳ የዜና ክፍሎች ውስጥ ከዚህ ክፍል የወጣ ሰው አይጠፋም። ፉክክሩ የበዛው ለዚህ ነው።

አሁን ጠቡን ያበረደውን ነገር ልንገራችሁ። ስድስተኛው ዓመት ላይ የጀነራል ፔፐር አስተማሪያቸው ስለ ፕሬስ ነጻነት ድርሰት አዘዛቸው። ልጅቱ ስትፈልግ አንድ ፍርድ አገኘች። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሞኒተር ሰዎች፣ ቻርልስ ኦኒያንጎ-ኦቦና አንድሩ ምዌንዳ፣ የኮንጎው ካቢላ ለኡጋንዳ በወርቅ ከፍሏል የሚል ከውጭ ጋዜጣ የተወሰደ ዘገባ አወጡ። “ሐሰተኛ ወሬ ማተም” በሚለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50 ተከሰሱ። ከክሱ ኋላ በነጻ ተለቀቁ፤ ግን በመከላከል ብቻ አላበቁም። ይህ አንቀጽ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው መንግሥትን ከሰሱ። በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ ይግባኝ አሉ። በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ጆሴፍ ሙሌንጋ በጻፉት መሪ ፍርድ፣ አንቀጹን ሻረው። የተነገረው ነገር ሐሰት ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ ብቻ ከሕገ መንግሥቱ ጥበቃ አይወጣም አሉ።

ልጅቱ ፍርዱን ኢንተርኔት ካፌ አሳትማ ጠረጴዛው ላይ ትታው ተኛች። የተናገረችው ነገር የለም። እኔ በማግስቱ ጠዋት ወተት ልገዛ ስወርድ ሰውየውን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ወረቀቱ በእጁ ነው፤ እንደ ድሮው በእርሳስ አስምሮበታል። “እኔ ኡጋንዳ ስገባ ይህ ፍርድ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር” አለኝ። “እኔን ያባረረኝ ክስ እዚህ ተሽሮ ነበር። ማንም አልነገረኝም።”

ወዲያው ተስማማ ማለቴ አይደለም። ማታውን “በ2013 የሆነውን ረሳሽው?” አላት። በዚያ ዓመት ግንቦት ፖሊስ ናሙዎንጎ ያለውን የሞኒተር ግቢ ከቦ ለ10 ቀን ዘግቶት ነበር፤ ስለ ሥልጣን ውርስ የተጻፈ የአንድ ጄኔራል ደብዳቤ አውጥተዋል ተብለው። ናሙዎንጎ ከኛ ቡጎሎቢ ቅርብ ነው፤ ያኔ የጋዜጣ አዟሪያችን ባዶ እጁን ሲቆም አይተናል። ልጅቱም “ተከፈተ እኮ አባዬ” አለችው። “በአሥረኛው ቀን ተከፈተ፤ አሁንም እያነበብከው ነው።” እናትየዋ ከማእድ ቤት ሆና “በቃ! ልጄን አታድርቃት” አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ፈተናው በኅዳር ተወሰደ። ውጤቱ በዓመቱ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው። ሥነ ጽሑፍ ኤ፣ ታሪክ ቢ፣ ኢኮኖሚክስ ሲ፤ ጀነራል ፔፐርና ኮምፒውተር አልፋለች። የዚያን ቀን ማታ ጠረጴዛው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። አባትየው የመደብሩን የሒሳብ ደብተር ገለጠና ባዶ ገጽ ላይ ያሰላ ጀመር። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ልጅ ያላችሁ ጻፉት። ኤ 6 ነጥብ ነው፣ ቢ 5፣ ሲ 4፣ እያለ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲው ለያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ዋና፣ ተዛማጅና ተፈላጊ የሚላቸው ትምህርቶች አሉት። ዋናው በ3 ይባዛል፣ ተዛማጁ በ2፣ ተፈላጊው በ1። ሁለቱን ከፍተኛ ውጤቶቿን ዋና ብሎ ያዘ፤ 18 እና 15። ኢኮኖሚክሱ በ2 ተባዝቶ 8። ለጀነራል ፔፐርና ለኮምፒውተር አንዳንድ ነጥብ። 43 ሆነ። ከዚያ የኦ-ሌቭሉ ይጨመራል፤ በቀድሞው አሠራር ዲስቲንክሽን 0.3፣ ክሬዲት 0.2፣ ማለፊያ 0.1 ነበር። አምስት ዲስቲንክሽንና ሦስት ክሬዲት ስለነበራት 2.1። 45.1። ቀና አለና ዝም አለ።

“1.5 ጨምር” አለችው ልጅቱ። “የምን?” “የሴት።” ማኬሬሬ ሴቶች በዩኒቨርሲቲው ጥቂት በነበሩበት ጊዜ፣ በ1990፣ ለሴት አመልካች 1.5 ነጥብ መጨመር ጀምሮ ነበር። አባትየው ጻፈው፤ 46.6። በሥሩም ሁለት መስመር አሰመረበት፤ እንደ ሒሳብ መዝጊያ።

ነጥቡ ጥሩ ነው፤ ግን ማንም ከፊቷ ስንት ሰው እንደቆመ አያውቅም። የመቁረጫው ነጥብ በየዓመቱ በአመልካቹ ብዛት ይወጣል፣ ይወርዳል። የመንግሥት ስፖንሰርሺፕ ለኡጋንዳውያን ነው፤ በየዓመቱ ወደ 4,000 ለሚሆኑ ልጆች፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚከፋፈል። ለኛ ልጅ የቀረላት ከፍሎ የመማሩ በር ነው። እናትየዋ ናካዋ ያለውን የንግድ ትምህርት ቤት አስቀደመች፤ “በእግርሽ ትደርሻለሽ፤ የታክሲ የለም።” አባትየው ሙኮኖ ያለውን የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አነሣ፤ ማስ ኮሙኒኬሽኑ ስም አለው፤ ክፍያው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ። ልጅቱ የማኬሬሬው ቅጽ ላይ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽንን አንደኛ ሞላች። ሁለተኛም ሦስተኛም ሌላ ሞላች፤ እኔ ነኝ አጥብቄ የመከርኳት፤ አንድ ምርጫ ብቻ ይዞ መቅረት ጀግንነት አይደለምና።

ከዚያ ሌላ እንቅፋት መጣ። የአባቷ ስም በስደተኛ መታወቂያዋ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ በትምህርት ቤት ሰርተፊኬቷ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሆኖ ነው የተጻፈው። እኛ ሀበሾች ይህን ችግር የማናውቅ የለንም፤ ስማችን በሄድንበት ቢሮ ሁሉ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ነው የሚጻፈው። ጠበቃ ዘንድ ሄዳ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ የመሐላ ቃል አስፈርማ አያያዘችው። ከአዲስ አበባ 12ኛ ጨርሶ የመጣ የወንድሜ ልጅ በዚያው ሰሞን ያመለክት ነበር፤ እሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ውጤቱን የኡጋንዳ ብሔራዊ ፈተናዎች ቦርድ ዘንድ አቅርቦ ከኤ-ሌቭል ጋር ማስመዘን ነበረበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል የሚጀምረው ሰው ዓመቱን ይከስራል፤ እባካችሁ አስቀድማችሁ ሂዱ።

ልጅቱን፣ እናትየዋንና እኔን አንድ ጠዋት ወደ ማኬሬሬ የወሰደን የክፍያው ጉዳይ ነው። ከቡጎሎቢ በታክሲ እስከ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ወደ ዋንዴጌያ፣ ከዚያ ኮረብታውን በእግር። ዋንዴጌያ ላይ ቻፓቲው በእንቁላል ሲጠቀለል፣ ተማሪው በቁሙ ሲበላ አየች እናትየዋ፤ “እነዚህ ሁሉ ልጆች ናቸው ከሷ ጋር የሚሻሙት?” አለች። ሴኔት የሚባለው ሕንጻ ውስጥ፣ የሬጅስትራሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰለፍን። ከፊታችን የቆመ የደቡብ ሱዳን ወጣት ነበር። አገሩ በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስለሆነች የሚከፍለው እንደ ኡጋንዳዊ ነው። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። እናትየዋ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጠበቀች። ያን ቀን የተነገረንን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ሄዳችሁ በዓመቱ ጠይቁ።

ገንዘቡ እንዴት ተገኘ በሉኝ። የጀርመን መንግሥት ከሌሎች ጋር የሚረዳው፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1992 ጀምሮ ለስደተኛ ልጆች የሚሰጠው ዳፊ የተባለ ስኮላርሺፕ አለ፤ ለዚያም ተወዳደረች። አላገኘችም፤ ጠያቂው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር የከፈለው የካባላጋላ እቁብ ነው። የእናትየዋ ተራ ገና ነበር፤ ዕጣው የወጣላት ሴት፣ ጸጉር ቤት ያላት፣ “የልጅ ትምህርት ነው፤ የኔ ይቆይ” ብላ ተራዋን ለወጠችላት። ስለዚያች ሴት ብዙ መጻፍ እችል ነበር።

የተቀባዮቹ ዝርዝር በወጣ ቀን ልጅቱ ለኔ ስልክ ደወለች። “ጋሼ፣ ይምጡ።” ስሄድ ስሟን በጣቷ ይዛ ቆማለች፤ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ አንደኛ ምርጫዋ። የአባቷ ስም አሁንም አንድ ፊደል ጎድሎታል። እናትየዋ እልል አለች፤ ፎቁ በሙሉ ወጣ። አባትየው ደረቅ ነው፤ “ክፍያው እስከ መቼ ነው?” ብቻ አለ።

በነሐሴ 2019 ገባች። በመጀመሪያው ዓመት የተማረችውን ሁሉ አልተርክም። በመጋቢት 2020 ኮቪድ መጣና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ልጅቱ ቡጎሎቢ ቤቷ ተመለሰች፤ ወራት እንዲሁ አለፉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 20፣ 2020፣ እሑድ ሊነጋ ሲል፣ ስልኳ ላይ ምስል መጣ። የማኬሬሬ ዋናው ሕንጻ፣ አይቮሪ ታወር የሚሉት፣ በ1941 የተሠራው፣ እየነደደ ነው። ጣሪያው እየወረደ ነው። ልጅቱ ልብሷን ለበሰች። ሰዓት እላፊ ነበርና አባቷ በሩ ላይ ቆመ። “እስኪነጋ አትወጪም” አላት። ተቀመጡ። እሱ አሮጌ ማስታወሻ ደብተሩን አምጥቶ የጻፈባቸውን ገጾች ቀዶ ባዶውን ሰጣት፤ ሁለት ስክሪብቶ ጨመረላት፤ “አንዱ ይደርቅብሻል” አለ። ሲነጋ በቦዳ ቦዳ ሄደች።

በር ላይ አላስገቧትም። ከውጭ ቆማ ጭሱን አየች፤ ጥበቃዎችን ጠየቀች፤ ከግቢው የሚወጡ ሠራተኞችን አነጋገረች። ከቀትር በኋላ ተመልሳ ጻፈችው፤ ለአንድ አዘጋጅ ልትልከው። አባቷ አነበበ። አራተኛው አንቀጽ ላይ የተማሪዎች መዝገብ በሙሉ ተቃጥሏል ይላል።

“ይህን ማን ነገረሽ?”

“ሁሉም እያለው ነው።”

“ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም። ስሙን ጻፊ፤ ካልሆነ አውጪው።”

ደወለች። አንዱ አላነሣም፣ ሌላው “ገና አልተጣራም” አላት። አንቀጹን አወጣችው። ጽሑፉ አጠረ። አባቷ ደግሞ ከላይ ጀምሮ አነበበው፤ ሁለት ቃል አስተካከለ፤ መጨረሻው ላይ፣ ከስሟ ቀጥሎ፣ የገዛ ስሙን አየ። ያ ስም በኛ አቆጣጠር ከ1998 ወዲህ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

“ልተወው?” አለችው። “የራሴን ስም ብቻ ላድርግ?”

“ይኑር። ግን ተሳስቷል፤ በመታወቂያው ያለውን አይደለም የምትጽፊው” አለና የጎደለችውን ፊደል በእርሳስ ጻፈላት። ጨመረችና ላከችው።